አሥራ አንድ ገጽ የጉዞ ምክር

«እሷ ትቀራለች እንጂ! እማዬን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋላ። ደግሞ እሷ ለምዳዋለች።»

ትኬት ቆራጯ ይህን የሰማችው አንድ ጫማ አጥልቃ፣ ሁለተኛውን ከአልጋ ሥር በመጥረጊያ እንጨት ስትጎረጉር ነው። ታላቅ ወንድሟ በጠዋት መጥቶ ሳሎን ተቀምጦ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰው አገር ከምትሞሸረው ታናሽ እህታቸው ጋር በስልክ ያወራል። ስልክ ጆሮው ላይ ሲለጥፍ ራሴን ያመኛል ስለሚል ሁልጊዜ ድምፁን አጉልቶ ጠረጴዛ ላይ ያጋድመዋል፤ የእሱን ምስጢር ያልሰማ ጎረቤት የለም። የሙሽሪትም ድምፅ በበሩ ክፍተት ጥርት ብሎ ገባ። «እቴቴ እንዳይከፋት ብቻ» አለች። «ምን ይከፋታል? እኔ እነግራታለሁ» አለ ወንድም ጋሼ፤ ወዲያው ወሬው ወደ አበባና ወደ ሙዚቀኞቹ ተሻገረ። ትኬት ቆራጯ፣ ማለትም ያቺ እንዳይከፋት የተባለችው እቴቴ፣ በመጥረጊያው እንጨት ላይ ተደግፋ ቆመች። ምኑን ነው የለመድኩት ብላ ብትጠይቀው ደስ ባላት። ማታ ማታ የእናታቸውን ጉልበት በቅባት ማሸቱን? እሁድ እሁድ ሌሎቹ መጥተው «ውይ እማዬ እንዴት ከስታለች!» ብለው፣ የቀረበውን በልተው ሲሄዱ ሳህን ማጠቡን? ደሟ ፈላ። ጫማውም አልወጣ አላት።

ሳሎን ስትገባ ወንድም ጋሼ ስልኩን ዘግቶ ነበር። «ደህና አደርሽ? ሻይ የለም?» አላት። እነግራታለሁ ያለውን ይነግረኛል ብላ ፊቱን እያየች ቀዳችለት። እሱ ግን ስኳር ጨመረ፣ አማሰለ፣ ቀመሰ፣ ደግሞ ጨመረ። ከዚያ ከኮቱ ኪስ አንድ ፖስታ አወጣ። «የሥራ አስኪያጄና የባለቤቱ ፓስፖርት ኮፒ ነው። ሁለቱን ክፍት ቦታዎች ለእነሱ አድርጊያቸው። የእኔን በስልክ እልክልሻለሁ።» የእናታቸው ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ ምንም ድምፅ አይሰማም። ትኬት ቆራጯ ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «እሺ» አለች። ከእሺ ሌላ የሚወጣ ቃል ብታገኝ ኖሮ የምትጮህ መስሏት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠርጉ የሚደረገው ውቅያኖስ ዳርቻ ላይ ባለ ሆቴል ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ሙሽሮቹ ብቻ ናቸው። ለሙሽሪት ወገን አሥራ ስምንት ወንበር በቡድን ተይዟል፤ ዛሬ እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ ስም ካልገባ ወንበሮቹ ይለቀቃሉ። ዝርዝሩን የያዘው እንደ ታላቅነቱ ወንድም ጋሼ ነው። ባለፈው ሳምንት አሥራ ስድስት ስም ሰጥቷት ሁለቱን ክፍት አድርጎ «እነዚህን ነገ እነግርሻለሁ» ብሏት ነበር። አንዱ ወንበር የእኔ ነው ብላ አመነች እንጂ ለመጠርጠር እንኳ አልሞከረችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ስታሳፍር ኖራ አንድም ቀን ተሳፍራ አታውቅም፤ ፓስፖርቷን ሁለቴ ያሳደሰችው ማኅተም ሳይነካው ቀኑ እያለፈበት ነው። ለሠርጉ ያሰፋችው ሰማያዊ ቀሚስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ጉዞው ለሚወስደው ስድስት ቀን እናቷን እንድትጠብቅላት ጎረቤታቸውን ለምናለች፤ ጎረቤቲቱም ረዘም አድርጋ አየቻትና «እስቲ እናያለን» ብላ ሳቀች። ያኔ ሳቁ ገርሟት ነበር እንጂ ብዙም አላሰበችበትም።

ቢሮዋ ጠባብ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ ፀሐይ ያነጣው የአውሮፕላን ሥዕል፣ ለደንበኛ የተቀመጡ ሦስት የብረት ወንበሮች። በሩን ከፍታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስልኳ ጮኸ። አክስቷ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ኪሎ ነበር ያልሽን?»

«ሠላሳ፣ አክስቴ። ገጽ አራት ላይ አለ።»

«ቁም መስታወት ስንት ኪሎ ይሆናል? ለሙሽሪት ገዝቼላት። ታቅፌው ብቀመጥስ?»

ይህ እንግዲህ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። የጉዞ ምክር ጻፊላቸው ያለቻት ሙሽሪት ናት፤ «እቴቴ፣ መቼም ሥራሽ ነው፣ ትንሽ ነገር ጫር ጫር አድርጊላቸው» ብላ። ትኬት ቆራጯ ግን ጫር ጫር ማድረግ አታውቅም። ዘመዶቿ ነገር ሁሉ ካልተረጋገጠ እንቅልፍ አይወስዳትም ብለው «ኮንፈርም» የሚል ስም ያወጡላት በከንቱ አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ተቀምጣ ሃያ ሁለት ቁጥር ያለው አሥራ አንድ ገጽ አዘጋጀች። ፓስፖርት ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆን አለበት፣ ካልሆነ ሻንጣ የሚመዘንበት ባንኮኒ ላይ ይመልሷችኋል የሚለውን ቁጥር አንድ አድርጋ በደማቁ ጻፈችው። መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነሐኪም ወረቀቱ በእጅ ሻንጣ ይያዝ አለች፤ የሠርጉን ልብስ ከሻንጣ ጋር አትላኩ፣ ሻንጣ ይጠፋል፣ በፒጃማ ሠርግ የለም አለች። አውሮፕላን ውስጥ በየሰዓቱ ተነስታችሁ ተራመዱ፣ እግር ያብጣል፤ ሻንጣችሁ ላይ ባለቀለም ጥብጣብ እሰሩ፤ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሁለት ቀን በፊት ዊልቸር ጠይቁ፣ መጠየቅ አያሳፍርም። ይህን ሁሉ አትማ ለየቤቱ አደለች፣ በስልክም ላከች። ሁሉም «ተባረኪ፣ እንዴት ያለ ሥራ ነው!» አሉ። ከዚያ በማግስቱ ጀምሮ እዚያ ላይ የተጻፈውን እየደወሉ ይጠይቋት ጀመር።

ዛሬም አክስቷ ስትዘጋ አጎቷ ቀጠለ። አውሮፕላን የሚቀይሩበት ከተማ ውስጥ የድሮ ወዳጅ አለው፤ እግረ መንገዱን ጎራ ብሎ ጠይቆት መምጣት ይፈልጋል። ያለው ጊዜ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው ስትለው «ቤቱ እኮ ሩቅ አይደለም ይላል» አላት። የወንድም ጋሼ ሚስት ደውላ ሙሽሪት ነጭ አትልበሱ ማለቷ የወተት ቀለምንም ይጨምራል ወይ አለች። ፊቷ የተቀመጠው ደንበኛ፣ ለሥራ የሚሄድ ዝምተኛ ሰው፣ ሰዓቱን አየ፤ እሷም ይቅርታ ጠይቃው፣ ድምጿን አለስልሳ፣ እንደ ሁልጊዜው «በመስኮት በኩል ነው ወይስ በመተላለፊያው?» አለችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ጥያቄ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጠየቀች እግዜር ይወቀው።

ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የወንድም ጋሼ ፓስፖርት ፎቶ ስልኳ ላይ ገባ። ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር፣ ከዚያ ቀኑን በጣት እየነኩ ማየት የሥራዋ ልማድ ነው፤ ለገዛ ወንድሟም አትዘለውም። ጣቷን ቀኑ ላይ አሳረፈች። አራት ወር። የሚያበቃው ከአራት ወር በኋላ ነው። ቁጥር አንድ፣ ገጽ አንድ፣ በደማቁ! ሳቋ አመለጣት፤ ከጎኗ ያለችው የሥራ ባልደረባዋ ቀና ብላ «ምን ተገኘ?» አለች። ሁለት ጊዜ ደወለችለት፤ አላነሳም። ሦስተኛ ልትደውል ስትል እጇ ስልኩ ላይ ቀረ። ጠዋት የሰማችው ቃል ተመለሰባትና ይቅርበት፣ ራሱ ይደውል አለች። ይህን ማሰቧ ትንሽ አሳፈራት፤ ደስታው ግን ከእፍረቱ ይበልጥ ነበር።

በምሳ ሰዓት እንደ ወትሮው በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። እናቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጅ ሲያርሙ ኖረው፣ ዛሬም ጋዜጣ ሲያነቡ ቀይ እስክሪብቶ ከእጃቸው አይለይም። ከሳሎኑ ስትጣራቸው ድምፃቸው አልመጣም። ክፍላቸውን ገፋ አድርጋ ገባች። እናቷ በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን፣ በሌላው የተጣጠፈ ሹራብ ይዘው፣ ከአልጋው ወደ ቁም ሳጥኑ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ሹራቡን መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። አልጋው ላይ መካከለኛ ሻንጣ ተከፍቷል፤ ግማሹ ባዶ ነው፤ እጀታው ላይ አረንጓዴ ጥብጣብ ታስሯል።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሻንጣ እያራገፍኩ ነዋ። ዕቃ ይጨማደዳል።»

ትኬት ቆራጯ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከሻንጣው ጎን ያለችው ትንሽ የእጅ ቦርሳ ውስጥ መድኃኒቶቹ ከነማሸጊያቸው ተደርድረዋል፤ ላያቸው ላይ የሐኪም ወረቀት፣ ማኅተሙ ሳይደበዝዝ። ለሠርግ የሚሆነው ልብሳቸው በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ ለብቻው ተቀምጧል። ከሥሩ ፓስፖርት አለ። ገለጠችው፤ አዲስ ነው፤ ከታተመ ሁለት ወር አልሞላውም። ያን ሰሞን እናቷ ዓይናቸውን ለመታየት ነው ብለው ከጎረቤቲቱ ጋር ሁለት ጊዜ ወጥተው እንደነበር አሁን ትዝ አላት፤ መነጽር ሳይቀይሩ ሲመለሱ እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀችም። የጎረቤቲቱም ሳቅ ገባት። ኮሞዲኖው ላይ አሥራ አንዱ ገጽ ተቀምጧል፤ ጠርዙ በመነበብ ብዛት ተጣጥፏል፤ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ሁለቴ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር በቀይ ተሰርዟል፤ መጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ረዝሟል» የሚል አለበት። ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ያነበበ፣ ያነበበውንም የፈጸመ አንድ ሰው ተገኘ። ያም ሰው ይሄዳሉ ተብለው ያልታሰቡት እናቷ ናቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?» አለቻቸው።

«ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ነዋ።» እናቷ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን አሻሹ። «ወንድምሽ ሥራ ይበዛበታል፣ ይረሳል። ሙሽሪት ሩቅ ናት። አንቺ ግን እዚሁ ነሽ።» ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ጠዋት ሰምቻለሁ። ያመመኝ ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ይህን ሁሉ ጊዜ እኔን ረሱኝ ብላ ስትብከነከን፣ እሷም እናቷን እንደ ቤት ዕቃ ቆጥራ ጠባቂ ስትፈልግላቸው ነበር። ጎረቤት ጠይቃለች፤ እናቷን ራሳቸውን አልጠየቀችም። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ እናቷ ግን ከኮሞዲኖው ወረቀቱን አንስተው ቀዩን እስክሪብቶ ከፈቱ፤ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ባዶ ቦታ ፈልገው፣ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉት በጥንቃቄ አንድ መስመር ጻፉና ሰጧት። «ይህን ጨምሪበት። ምሳሽንም ብዪ፣ በርዷል።» ምሳውን አልበላችም። እናቷ ወደ ቁም ሳጥኑ የመለሱትን ሹራብ፣ ሁለቱን ቀሚስና ካልሲዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ እያጣጠፈች ሻንጣው ውስጥ መለሰቻቸው። ስትወጣ ፓስፖርቱን ይዛ ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድም ጋሼ ቢሮዋ ገባ፤ ያመለጡትን ጥሪዎች አይቶ ነው የመጣው። የብረቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከትልቅነቱ የተነሳ ወንበሩ ጠፋ። ስለ አራቱ ወር ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁን ተወው።

«አራት ወር ምን አነሰው? የምሄደው ለስድስት ቀን ነው!»

«ቁጥር አንድ ነው። ገጽ አንድ።»

«አንቺ ደግሞ ገጽ ገጽ ትያለሽ! አንድ ነገር አድርጊ እንጂ፤ ሰው ታውቂ የለ?»

«የማውቀው ሰውም ቁጥር አንድን ነው የሚነግርህ። ትኬት ብቆርጥልህም ከባንኮኒው ነው የምትመለሰው።»

ወንድም ጋሼ በመሐረብ ግንባሩን ጠረገ። ማራገቢያው ከላይ ይንቋቋል። «ሚስቴና ልጆቼ ሄደው እኔ ብቻዬን ቤት ልቀር?» አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ ሲደርስ ሰምቶም የሚያውቅ አይመስልም።

«ቀስ እያልክ ትለምደዋለህ» አለችው።

የጠዋቱ ቃል ነበር፤ ሁለቱም አወቁት። ወንድም ጋሼ ዓይኑን ከእሷ አነሳና የአውሮፕላኑን ሥዕል ማየት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ «ሥራ አስኪያጄስ? ከባለቤቱ ጋር ያለ እኔ እንዴት ይሄዳሉ? እዚያ ማንን ያውቃሉ?» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። እኔም እሱን ነው የማስበው አለችው፤ ማንንም የማያውቁበት ሠርግ ልኮ ሰውን ማሳፈር ነውር ነው፣ አንተው ደውለህ ይቅርታ ጠይቃቸው። ሲደውል ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። የሰውየው መልስ አልተሰማም፤ ወንድም ጋሼ ግን አምስት ጊዜ ይቅርታ አለ። ሲጨርስ ሦስት ቦታ ተለቀቀ ማለት ነው። ትኬት ቆራጯ ኮምፒውተሯን ወደ እሱ አዞረችና የመጀመሪያውን መስመር በጣቷ አሳየችው።

«እማዬ?» አለ ወንድም ጋሼ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «እማዬ ትሄዳለች? በዚህ ጉልበቷ? ማን ጠየቃት?»

«ማንም። አንተ አልጠየቅሃት፣ ሙሽሪት አልጠየቀቻት። እኔ ደግሞ ጎረቤቷን ጠይቄ እሷን አልጠየቅኋትም። ዊልቸር አዝዤላታለሁ። አየር መንገዱን ለምኜ አንድ ቦታ ያለ ስም እስከ ዓርብ ይዘውልኛል፤ ነገ በጠዋት ሄደህ ፓስፖርትህን በአስቸኳይ ካሳደስክ የአንተ ነው። ምን ምን ይዘህ እንደምትሄድ ቁጥር ሁለት ላይ ጽፌዋለሁ።»

አሥራ አንዱን ገጽ ሰጠችው፤ ቀይ የበዛበትን፣ የእናታቸውን። ወንድም ጋሼ መነጽሩን አጠለቀና፣ ለማንም ያልታዘዘ ሰው፣ ደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ከገጽ አንድ ማንበብ ጀመረ። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እሷ የቀሩትን ስሞች ማስገባት ቀጠለች። አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ስልኳ ጮኸ፤ እጇ ስላልተመቻት ድምፁን አጉልታ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። አክስቷ ናት። «አንቺ ልጅ፣ ስንት ኪሎ ነበር ያልሽን?» ትኬት ቆራጯ ዓይኗን ጨፈነች። «ሠላሳ!» አለ ወንድም ጋሼ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ገጽ አራት ላይ አለ። መስታወቱንም እዚያው ተዪው።»

በመጨረሻ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። ቁጥር ሃያ ሁለት፣ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችሁ አየር ማረፊያ ድረሱ የሚለው ነው። ከእሱ በታች፣ በመምህርት ቀይ ጽሕፈት፣ «ቁጥር ሃያ ሦስት፤ ከመነሳታችሁ በፊት ቤት የምታስቀሩትን ሰው ጠይቁት» ይላል። ለአንድ መስመር ብዙ ቆየበት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው፣ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቀና አለ። ስክሪኑ ላይ ሁለተኛው መስመር አሁንም ባዶ ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ ሞልታ ያንን ዘላዋለች፤ ለምን እንደዘለለችው ራሷም አታውቅም።

«አንቺስ?» አለ ወንድም ጋሼ። «መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ትኬት ቆራጯ ጣቶቿን የኮምፒውተሩ ፊደሎች ላይ አሳረፈች። ከዚያ ስሟን እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ፣ ፊደል በፊደል እያመሳከረች ጻፈች።

«በመስኮት በኩል» አለች።